የአበራሽ መርዶ

ጋሽ እሱባለው በጅማ የመንደራ ቆጪ ሰፈር እድር ዳኛ ሆነው ባገለገሉባቸው አሥራ አንድ ዓመታት መርዶ አስቸግሯቸው አያውቅም። ለማን፣ በማን አፍ፣ በስንት ሰዓት እንደሚነገር ያውቁበታል። ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌ ይዞ መሄድ ነው፤ በር ማንኳኳት ነው፤ የቀረውን ለቅሶው ራሱ ይጨርሰዋል። የአበራሽ መርዶ ግን ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ እስካሁን አልተነገረም።

ነገሩ የጀመረው ሶሬሳ የሚባለው የሰፈሩ ወታደር ከግንባር የተመለሰ ዕለት ነው። ጋሽ እሱባለው ወሬ ልስማ ብለው ወደ እድሩ ቤት ብቅ ሲሉ፣ ሽማግሌዎቹ ሶሬሳን ከበው ይላቀሳሉ። እሳቸውን ሲያዩ ሁሉም ፊታቸውን አዞሩ።

"ማነው? ተናገሩ እንጂ!"

የእድሩ ጸሐፊ አብተው አንዴ ሶሬሳን፣ አንዴ ጣሪያውን አየ።

"ፍሬአብ ነው... የአበራሽ ልጅ" አለ በመጨረሻ።

ጋሽ እሱባለው አለቀሱ። ፍሬአብ ከእሳቸው ልጅ ከመሳይ ጋር በአንድ ቀን ነው የዘመተው። ማታ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን "ተመስገን፣ የእኔ አይደለም" አሉ፤ ወዲያው በራሳቸው አፈሩ። መሳይ ንብረት ክፍል ነው፣ ጥይት አይደርስበትም። ያለበት ቦታ ኔትወርክ ስለሌለው ነው የማይደውለው። ሰላምታውን አብተው ከሰው ከሰው እየሰማ በየወሩ ያደርስላቸዋል።

አበራሽ ደግሞ ዝም ብላ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ልጇ የት እንደደረሰ የሚነግራት መሥሪያ ቤት ስታጣ፣ እንደ እሷ ልጅ የጠፋባቸውን ሰብስባ "የጠፉ ወታደሮች አስታዋሽና አስመላሽ ኮሚቴ" አቋቋመች። ኮሚቴው ሰባት አባላት፣ ሁለት ባነርና ሲከፍቱት የሚያፏጭ አንድ ድምፅ ማጉያ ነበረው። የጎደለው ሰብሳቢ ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ ከእርስዎ ሌላ ማን አለኝ?" አለቻቸው።

እምቢ ማለት አቃታቸው። አብተውም በጆሯቸው "ይቀበሉ እንጂ፣ ሥራ ላይ ብትውል ይሻላታል" አላቸው። ጋሽ እሱባለው በዚህ ዓይነት፣ መሞቱን የሚያውቁት ልጅ አስመላሽ ሆነው በሙሉ ድምፅ ተመረጡ።

የጠፉት ልጆች ስም ሲመዘገብ ጋሽ እሱባለው ትንሽ አመነቱ። "የእኔም መሳይ ድምፁ ከጠፋ ቆየ። ላስመዝግበው ይሆን?"

"ኧረ ምን በወጣው!" አለች አበራሽ ቶሎ ብላ። ወዲያው ወረቀት ልታመጣ ተነሣች።

በሰርቦ ገበያ ቀን ጋሽ እሱባለው ድምፅ ማጉያውን ይዘው "ልጆቻችን ይመለሳሉ!" ብለው ጮኹ። መዋሸታቸው ትዝ ብሏቸው ማጉያውን ዝቅ አደረጉ። ከኋላቸው የቆሙት የሰፈራቸው ሰዎች እሳቸውን እያዩ እንባቸውን ጠረጉ። ጋሽ እሱባለው ይህን ያህል ተናጋሪ መሆናቸውን እስከዚያ ቀን አያውቁም ነበር።

መርዶው ግን ቀን አጣ። በመጀመሪያ ጾም ገባ፤ ለቅሶ በጾም ይከብዳል ተባለ። ቀጥሎ ቡና ለቀማ ደረሰ፤ ሰው ሁሉ ሸቤ ወርዶ ማን ያስተዛዝናል ተባለ። ቀጥሎ የጋሽ እሱባለው ልጅ ሔራን ልትመረቅ ሆነ።

"የእኔ ልጅ ምረቃ ከአበራሽ መርዶ ጋር ምን አገናኘው?" ብለው ጠየቁ።

"ማሎ፣ እባክዎ ጋሼ" አለች ጎረቤታቸው ዙቤይዳ፣ "ሔራን ለእሷም ልጇ አይደለች? ወላሂ ይህን ደስታ ማበላሸት ኃጢአት ነው።"

እሱም አለፈ። በዚህ መሀል ጋሽ እሱባለው የዓይናቸውን ሞራ አስገፈፉ።

"ሐኪሙ እንዳያለቅሱ ከልክሎዎታል" አለ አብተው። "ያለ እርስዎ ደግሞ አንሄድም። ዓይንዎ እስኪድን ይቆይ።"

ለአንድ ጡረተኛ ዓይን መርዶ የሚያቆም እድር በጅማ ሌላ ይኖር አይመስላቸውም። ደስ አላቸው።

ዓይናቸው ሲድን ያየው ግን አበራሽን ነው። አንድ ማክሰኞ ከሸቤ በራሪ ወረቀት በትና ስትመለስ፣ አቧራ ለብሳ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ከባጃጅ ወረደች። "አንድ ሰው ፍሬአብን የሚመስል ልጅ አይቻለሁ ብሎኛል ጋሼ" አለቻቸው። ያን ቀን ምሳ አልበላ አላቸው። እድሩን በአስቸኳይ ጠሩ።

"ይበቃል!" አሉ ጠረጴዛውን እየመቱ። "ወላጅ ልጁ መሞቱን ሰፈር ሁሉ እያወቀ እሱ ብቻ የሚሞኝበት አገር የት አለ? ጾም፣ ቡና፣ ምረቃ፣ ዓይን! በእኔ ላይ እንዲህ ብታደርጉ እስክሞት ይቅር አልላችሁም!"

አብተው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

"እሺ ጋሼ" አለ። "እሑድ ሊነጋጋ ሲል ይሁን። መጥተን እንወስድዎታለን።"

ቅዳሜ ከሰዓት የእድሩ ድንኳንና ወንበር መጥቶ በጋሽ እሱባለው ግቢ ተራገፈ። አበራሽ ቤት ብናደርሰው ትጠረጥራለች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሔራንም ከአዲስ አበባ ሳትነግራቸው መጣች። ለአበራሽ ብላ ይህን ሁሉ መንገድ መምጣቷ አኮራቸው። አባቷን አቅፋ ግን ቶሎ አልለቀቀችም።

እሑድ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ጠበቁ። የሚሉትን አጥንተዋል፤ "ልጄ፣ በርቺ፣ ብቻሽን አይደለሽም" ይላሉ። በሩ ተንኳኳ።

አብተው፣ ዙቤይዳ፣ ሶሬሳ፣ የእድሩ ሽማግሌዎች በሙሉ ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

"በሉ እንሂድ፣ ሳይነጋባት" አሉ ጋሽ እሱባለው።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። አብተው ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ መንገድ ለቀቀ።

ከኋላው፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የቆመችው አበራሽ ነበረች። "ጋሼ፣ ይበርቱ፣ ብቻዎን አይደሉም" አለቻቸው።