የሽጉጡ ፍተሻ

ኢንግሪድ የሽጉጡን ካዝና አወጣች፤ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስባ ያዘችና በኪስ ባትሪዋ ወደ ውስጥ አበራችበት።

“ና እይ፣ ዴል።”

ዴልበርት ጎንበስ ብሎ በአፈሙዙ አየ። ከወዲያኛው ጫፍ ብርሃን ይታያል፤ በመሐል ምንም የለም። “ባዶ ነው” አለ።

“ሩበን፣ ያንተ ተራ።”

ሩበን በትዕይንቱ የሚይዘውን የዶናት ካርቶን እንዳቀፈ መጣ። ሽጉጡን የሚይዘው ብቻ ሳይሆን የሚደገንበትም ሰው በዓይኑ ካላየ ቀረጻው አይጀመርም። የፊልሙን መሣሪያ የምትጠብቀው ኢንግሪድ ናት፤ በዚህ ነገር ዳይሬክተሯም ብትሆን ቃል አትተነፍስባትም። በፊልሙ ጓደኛሞች ፖሊሶች ሆነው የሚጫወቱት ሁለቱ ሰዎች ራስ ለራስ ሊነካኩ ትንሽ እስኪቀራቸው በአንዲት ቀዳዳ ላይ ጎነበሱ። ሩበን “ባዶ ነው” አለና ወደ ቦታው ተመለሰ።

ይኸው ነው። በዚህ ቀረጻ ሁሉ ሩበን ከተጻፈለት ንግግር ውጭ ዴልበርትን አናግሮት አያውቅም። ምሳውንም ተጎታች ቤቱ ውስጥ በሩን ዘግቶ ነው የሚበላው። ድሮ ቢሆን ሁለቱ ታኮ የተባለውን ጥቅል ቂጣ ከሚሸጠው መኪና ጥላ ሥር ቆመው በአንድ ሳህን ሲነታረኩ፣ ሠራተኛው ምሳውን ትቶ እነሱን ይሰማ ነበር። አሁን የሚቀራረቡት ለፍተሻው ብቻ ሆነ። እሱም ዛሬ፣ በዚህ ትዕይንት፣ ማብቃቱ ነው። ከሰዓት በኋላ ያለው ሩጫና ዝላይ በላስቲክ ሽጉጥ ይቀረጻል፤ የላስቲክ ሽጉጥ ደግሞ ፍተሻ የለውም። ማታ ሩበን ወደ ቤቱ ወደ ቱሰን ከተማ ይበራል። ቀጣዩ ፊልም ላይ እንደማይኖር ተናግሯል፤ ዴልበርት ይህን የሰማው ከሜካፕ ሠራተኛዋ ነው።

“ዝግጁ!” አለች ዳይሬክተሯ ኬልሲ።

ዴልበርት እጁን አነሳ። “እንደገና ልየው።”

እንደገና ልየው ያለ ሰው ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ኢንግሪድ መልሳ ከፈተችው። ዴልበርት አየ። ሩበን መጥቶ አየ። ዴልበርት “ሩበን…” ብሎ ጀመረና ተወው። ሩበን ተመለሰ።

“ዝግጁ!”

“አንዴ… እንደገና።”

ከመብራቶቹ ኋላ አንድ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። ያሉት ቫን ናይስ በሚባል ሰፈር፣ በተዘጋ የገበያ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ነው፤ ፀሐዩ ሬንጁን ከጫማ ጋር ያጣብቀዋል።

“ዴል፣ የኔ ጌታ፣” አለች ኬልሲ፣ “ከውስጡ እርግብ ትወጣለች ብለህ ነው?”

“ተዪው፣ መነጽሩን ረስቶ ነው!” አለ መብራት ያዡ። “ሽማግሌ ፖሊስ ቅጠሩ ብያችሁ ነበር?”

ሰዉ ሳቀ። ዴልበርትም አብሮ ሳቀ፤ እግሩ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም። በአራት ፊልም፣ ለሩበን የተተኮሰውን ጥይት በገዛ ደረቱ ተቀብሏል፤ ከሚነድ መኪና ጎትቶ አውጥቶታል፤ ከድልድይ ላይ ሲወድቅ በሱሪ ቀበቶው ይዞ አስቀርቶታል። ባለፈው ክረምት ሩበን እውነተኛ ደረቱ ተከፍቶ ልቡ ሲጠገን ግን ዴልበርት አበባ ልኮ ቀረ።

ኢንግሪድ እንደገና አበራች። “ሳትቸኩል እይ” አለችው።

ሩበን መጣ። ላቡን በእጅጌው ጠርጎ ጎነበሰ። ዴልበርት ከክራባቱ ሥር የተሰካችውን ማይክሮፎን በመዳፉ ሸፈናት።

“ሆስፒታሉ ድረስ መጥቼ ነበር” አለ በሹክሹክታ። “መኪና ማቆሚያው ድረስ። እንደዚያ ሆነህ ላይህ አልቻልኩም፣ ሩበን። ፈራሁ።”

ሩበን ዓይኑን ከአፈሙዙ አላነሳም። “አሁንም ትቶኝ ይሄዳል” አለ ዴልበርት በልቡ። ሩበን ግን ካርቶኑን ወደ ብብቱ ሸጎጠና በነጻ እጁ የራሱን ማይክሮፎን ሸፈነ።

“አውቃለሁ” አለ። “መኪናህን በመስኮት አይቻታለሁ። ያቺን ቢጫ ጉድ ማን ይስታታል? ነርሷን ‘ጓደኛዬ መጥቷል፣ ወንበር አምጪልኝ’ አልኳት። አመጣችልኝ። ከዚያ አሳንሰሩ በተከፈተ ቁጥር ፀጉሬን ሳስተካክል ዋልኩ።”

ዴልበርት ሊመልስለት ፈለገ። ሩበን ግን ለኢንግሪድ “ባዶ ነው” ብሏት፣ ካርቶኑን በሁለት እጁ አቅፎ ከአየር ማቀዝቀዣው ሳጥን ጀርባ ገብቷል።

ኢንግሪድ ሽጉጡን በዴልበርት መዳፍ ላይ አኖረችለት። “ደህና ነህ?” አለችው ቀስ ብላ። በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ካሜራው መቅረጽ ጀመረ። ሩበን ከሳጥኑ ጀርባ ብቅ አለ፤ ዴልበርት ደገነበት። ሩበን ዶናቶቹን እንደ ጋሻ ወደ ላይ አነሳ።

“አንተ ነህ እንዴ?” አለ ዴልበርት። “እኔ ደግሞ አንድ ቆንጆ ሌባ መስሎኝ!”

ድምፅ ቀራጩ ሳቁን ለማፈን ከንፈሩን ነከሰ። ኬልሲ አፏን በክንዷ ሸፈነች። በቀድሞዎቹ ፊልሞች እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሩበን ሳቁ እያመለጠው ቀረጻውን ያበላሽ ነበር፤ ደጋግመው ሲሠሩት ይውሉና ምሳ ይበርድባቸዋል። ዴልበርት ሽጉጡን እንደ ደገነ ያን ሳቅ ጠበቀ። ሩበን ከካርቶኑ በላይ ትክ ብሎ አየው፤ ከፊቱ አንዲት ጡንቻ አልተንቀሳቀሰችም።

“ግሩም!” ብላ ጮኸች ኬልሲ። “በአንድ ጊዜ ቀረጻ አለቀ!”

ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ።