ከጀርባው የሚታየው ተጫዋች

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ አቶ ሀብተሥላሴ ግን ባሕር ማዶ፣ ሳን ሊያንድሮ ከተማ ባለው ቤታቸው ተቀምጠው እንዳይጠራ ይጸልዩ ነበር። የሟች ጓደኛቸው የክንፉ ልጅ ኢየሩስ ስልኳን ዘረጋችላቸው። ሁለቱ ጓደኛሞች በተማሪነታቸው የተጫወቱበት የሮማኒያ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ታሪኩን በመጽሐፍ ሊያሳትም ነው። ክለቡ በላከላት ፎቶግራፍ ላይ፣ ክለቡን ከመውረድ ያዳነችውን ጎል ያገባው ተጫዋች ከጀርባው ይታያል፤ ግራ እጁን ወደ ሰማይ አንሥቷል።

«ጋሼ፣ አባዬ ነው አይደል? ኮንፈርም አድርጊ ብለውኛል።»

ጎሏ በገባችበት ዕለት ክንፉ በትኩሳት ተኝቶ ነበር። ሁለቱን ጥቁር ተማሪዎች መለየት ያልቻለ ዳኛ ሳይነቃባቸው፣ በክንፉ መታወቂያ የተጫወቱት እሳቸው ነበሩ። ክንፉ ግን ጎሏን የራሱ አድርጎ ለልጁ ሲተርክ ኖሮ ሞተ። አሁን እውነቱ ቢወጣ ልጅቷ አባቷን ዳግመኛ ትቀብረዋለች። አቶ ሀብተሥላሴ ከልጅነታቸው ጀምሮ ትንሿ ጣት የሌለችበትን ግራ እጃቸውን ቀስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር ደበቁ።

«እሱ ነው።»

«ሹር ነዎት?» ብላ ፎቶግራፉን በጣቶቿ አሰፋችው። ወደ ሰማይ የተነሣውን እጅ ጣቶች አንድ በአንድ አየች። ከዚያም ጎንበስ ብላ፣ የተደበቀውን እጅ ስባ አወጣችና ሳመችው።

በማግስቱ ለክለቡ መልስ ላከች። መጽሐፉ ሲታተም ከፎቶግራፉ ሥር የሰፈረው የክንፉ ስም ነው።