ደረጃ ሦስት

በመሥሪያ ቤቱ «ቶሎቶሎ» ይሉታል። ሊፍት አይጠብቅም፤ ሰው ሲያወራ ዓረፍተ ነገሩን ቀድሞ ይጨርስለታል። ፕሮግራመር ነው፤ በሙያው እንከን አይወጣለትም።

አባቱ ሲቀበር ግን አልደረሰም፤ የሥራ ርክክብ ነበረበት። እናቱ ከዚያ ወዲህ ስልኩን አንስታለት አታውቅም። አሁን ደግሞ ብታነሳም መናገር አትችልም፤ ስትሮክ አንደበቷን ዘግቶ ከሰውነቷ አንድ ጣት ብቻ ተወላት።

ሐኪም ቤቱ ለእንዲህ ዓይነት ሕመምተኞች የተጻፈ ፕሮግራም ሰጠው። ጥያቄ ሲጽፉበት በድምፅ ይጠይቃል፤ ሕመምተኛዋ ጣቷ ሥር ያለውን ቁልፍ ከተጫነች «አዎ» ይላል፣ ካልተጫነች «አይ»። የጻፈው ሰው ከኮዱ አናት ላይ «በደረጃ ዜሮ ይገንባ» ብሏል፤ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር ምንም ሳይነካካ እንዳለ ይተርጉመው ማለቱ ነው። ቶሎቶሎ እንደተባለው አደረገ።

እህቱ «እማዬ፣ መስኮቱን ልክፈተው?» ብላ አስጻፈች። ማሽኑ ጠየቀ። ቶሎቶሎ ጠረጴዛውን በጣቱ ሲደበድብ፣ ሲደበድብ ቆይቶ «አዎ» መጣ። እህቱ አለቀሰች።

«ይሄ ነገር ይንቀረፈፋል» አለ እሱ። «በደረጃ ሦስት ልገንባው።»

«ምን ይሆናል?»

«ኮምፓይለሩ ሥራ የማይሠራ ኮድ ካገኘ እየለቀመ ይጥላል። ይፈጥናል።»

«የጣለውን ይነግርሃል?»

«ምን ያደርግልኛል?»

ገነባው። የራሱን ጣት ቁልፉ ላይ እንደተጫነ ይዞ ሞከረው። ወዲያው «አዎ» አለ። ደስ አለው።

ከዚያ እህቱን አስወጥቶ፣ ከአባቱ ቀብር ጀምሮ ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረውን ጻፈ።

«እማዬ፣ ይቅር ብለሽኛል?»

«አይ» አለ ማሽኑ።

ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ በእናቱ ጣት ሥር ያለው ቁልፍ ከኋላው ቀጭ አለ። ዞር አላለም።

በማግስቱም ጠየቀ። «አይ»። በሩ ጋ ሲደርስ፣ ቀጭ። በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። የእናቱ ዓይን እንባ ያቀርር ነበር፤ እሱ ቁጣ ነው ብሎ አነበበው።

«እስቲ ሌላ ነገር ጠይቃት» አለችው እህቱ። እሷ የእናቷን ፍላጎት ከዓይኗ ስለምታውቅ ማሽኑን አትነካውም ነበር።

«ሌላ የምጠይቃት የለኝም። ስወጣ እንኳ ቁልፉን የምትጫነው ‹ሂድልኝ› ለማለት ነው። አንጀቷ ጨክኗል።»

ወሩ ሳያልቅ እናቱ አረፈች። ቀብሯ ላይ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ። ዘመድ «አልቅስ፣ ይውጣልህ» ቢለውም እንባ አልመጣለትም። ይቅር ያልተባለ ልጅ በምን አፉ ያለቅሳል?

ከሐዘኑ በኋላ ሐኪም ቤቱ ፕሮግራሙን ለሌላ ሕመምተኛ እንዲያዘጋጅ ለመነው። ለማፍጠን ልብ አልነበረውም፤ ጻፊው እንዳለው በዜሮ ገነባው። የድሮው ጥያቄ ገና አልጠፋም ነበር። ለሙከራ አስነሳው፤ ቁልፉን አልነካም።

«እማዬ፣ ይቅር ብለሽኛል?» አለ ማሽኑ። እሱም ያንን የለመደውን «አይ» ለመስማት አንገቱን ደፋ።

ማሽኑ ግን ዝም ብሎ ቆየ፤ ደረጃ ሦስት ሥራ አይሠራም ብሎ የጣለው ይህን መጠበቅ ነበር፤ ሰው ወንበሩን ገፍቶ፣ ተነስቶ፣ በሩ ጋ እስኪደርስ ድረስ ቆየ።