ማነጻጸሪያው ውኃ

በ1998 ዓ.ም. የመርዝ ተመራማሪው አቶ ይርዳው፣ ይጁቤ አጠገብ ሃያ ዓመት ተዘግቶ ከቆየ የፀረ ተባይ መጋዘን ደጃፍ አፈር፣ የዶሮ እንቁላልና የዘበኛውን ሚስት የእድላዊትን የጡት ወተት ወሰዱ። ለማነጻጸሪያም፣ እንደ ሥራው ደንብ፣ ደብረ ማርቆስ ካለው ቤታቸው ቧንቧ ንጹሕ ውኃ ቀድተው አሸጉ።

መርዙ በቤተ ሙከራ ሲለካ፣ በኪሎ በአፈሩ ሁለት ማይክሮግራም፣ በእንቁላሉ ስድስት፣ በወተቱ ዐሥራ ስምንት ሆነ። ውኃውን ገና ሳይለኩ ለእድላዊት ደወሉ።

«ልጅሽን ይዘሽ እኛ ቤት ነይ፤ ባለቤቴ ትቀበልሻለች፤ የእኛ ንጹሕ ነው።»

ከዚያ ውኃውን ለኩ፤ ሃምሳ አራት። መልሰው አሽገው አሳደሩት፤ በማግስቱ መቶ ስድሳ ሁለት ሆነ።

ወደ ቤታቸው ሮጡ። እድላዊት ሕፃኑን አዝላ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች።

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታው፤ ልጄ መንገድ ላይ ጠምቶት ነበር፣ እትዬ ከቧንቧው አጠጡልኝ።»