የአራት ሰዓቱ መስመር

መርማሪዋ ሁለት ወረቀት ከወጣቱ ሐኪም ፊት ጎን ለጎን አስቀመጠች። ሁለቱም የሟቹ ታካሚ የክትትል ቅጽ ቅጂዎች ነበሩ፤ ከግርጌያቸው የሐኪሙ ፊርማ አለ። በአንደኛው የአራት ሰዓቱ የደም ግፊት መስመር ባዶ ነው፤ በሌላኛው ተሞልቷል። ሐኪሙ ክው አለ። እሱ የመጣው መስመሩ ባዶ መሆኑን አምኖ ሊቀበል ነበር።

«ባዶውን ቤተሰቡ በከሰሰ ዕለት እኔው ቀዳሁት፤ የተሞላው ደግሞ ትናንት ከሆስፒታሉ የተላከልኝ ነው» አለች መርማሪዋ። « ማን ሞላው?»

ለምስክርነት አብራው የመጣችው፣ ሁሉም እትዬ የሚሏት አንጋፋ ነርስ እንደ ተማሪ እጇን አወጣች። «እኔ ነኛ! ለክቼው ነበር፣ መጻፉን ረሳሁት። ታዲያ የኔ ዝንጋታ ለልጁ ይትረፈው?» ብላ የሐኪሙን ጉልበት መታ መታ አደረገች። «አይዞህ፣ እኔ እያለሁ።»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «መስመሩ ባዶ ቢቀር ማስጠንቀቂያ ብቻ ነበር የሚያሰጠው፣ እትዬ። መዝገብ መለወጥ ግን የሥራ ፈቃድ ያስነጥቃል፤ የሞላውንም፣ ከግርጌው የፈረመውንም።»

ጉልበቱ ላይ ያረፈው እጅ ሲቀዘቅዝ ለሐኪሙ ተሰማው።

«ምን አለች፣ ልጄ?» አለችው ነርሷ፣ አንድም ቃል ሳያመልጣት ሰምታ ሳለ።