ሶላንዥ ከናንት

ሴት ልጁ ኖልዌን የድሮውን የኮምፒውተር ተርሚናል ከቆጥ አውርዳ፣ ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር አገናኝታ ስታበራው፣ የሽማግሌው የሬሚ ጣቶች ሳያማክሩት ስም ጻፉ፦ «ሶላንዥ፣ ከናንት ከተማ።» በወጣትነቱ እንጀራው ይኸው ነበር፤ ጢሙን እያሻሸ፣ በእንዲህ ዓይነቱ ስክሪን ላይ ሴት ሆኖ ለብቸኛ ወንዶች መጻፍ።

«አባዬ፣ ሶላንዥ ደግሞ ማናት?» አለች ኖልዌን እየሳቀች።

«አንቺን ያሳደገች ናት። አርፈሽ ተቀመጪ!»

ፊደሎቹ እንደ ድሮው አንድ በአንድ፣ እንደ ካፊያ ጠብ ጠብ አሉ፦ «እንደምን ዋልሽ፣ ሶላንዥ?» ያኔ ወንዶቹ ሁሉ «እውነት ሴት ነሽ?» እያሉ ይጠይቁት እንደነበረው፣ አሁን ሬሚ ስክሪኑን ጠየቀ፦ «እውነቱን ንገረኝ፣ ሰው ነህ?» እሱ ያኔ ሁልጊዜ የሚመልሰው፣ «እንዴታ! ቀይ ቀሚሴን ለብሼ መስኮት ዳር ተቀምጫለሁ» ብሎ ነበር።

«አይደለሁም፤ ማሽን ነኝ» አለ ስክሪኑ።

ሬሚ እጁን ሰበሰበ። የስክሪኑ ጠቋሚ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ከብልጭታዋ ማዶ የሶላንዥን ቀይ ቀሚስ ዛሬም የሚጠብቁ ወንዶች ተሰልፈው የቆሙ መሰለው። ከዚያ በአንድ ጣቱ፣ ቀስ እያለ ጻፈ፦

«እኔም ሶላንዥ አይደለሁም። ሁላችሁም ይቅር በሉኝ።»