ምድጃ የምታጠፋው ልጅ

የረድኤት የክረምት ሥራ አንድ ኩባንያ ውስጥ «አስቸኳይ» የሚል ቀይ ቁልፍ መጫን ነበር፤ እሷም ለመጫን አታመነታም። ሕጉ ግልጽ ነው፦ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርቶ በነፃ ያበረከተ ሰው፣ ኩባንያ «አስቸኳይ» ካለው ጠግኖ እስኪጨርስ የቤቱ ምድጃ ይጠፋበታል። ዛሬ ቁልፉን ከተጫነችባቸው አንዱ ሲዘገይባት «ጋሼ፣ እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ?» ብላ ጻፈችለትና ከጓደኞቿ ጋር ተንከተከተች።

ቤት ስትገባ ሽሮው ሳይፈላ ድስቱ ውስጥ ተጓጉሏል። አባቷ ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሷል።

«አባዬ፣ ምን ሆነ?»

«ሳትወለጂ ለሰው ይጠቅማል ብዬ የሠራሁት ነገር ተበላሽቶ ነው። እዪ፣ ‹እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ› ይሉኛል።» ፈገግ አለ። «የጻፈው ልጅ ሳይሆን አይቀርም፤ አለቃው ተቆጥቶት ይሆናል።»

የረድኤት ፊት ጋለ። ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። ያልበሰለውን ሽሮ በዳቦ ጠቅሳ «ይጣፍጣል» አለች።